የውሰት ምላስ

ባለፈው ሳምንት የተለያየነው ድስቱ እሳት ላይ እንዳለ ነው። ዛሬ አዲስ የመጣችሁ እንዳትቸገሩ፣ እስኪፈላ ድረስ ነገሩን ባጭሩ ላውጋችሁ።

ጡረታ የወጡት ዳኛ ልባቸው ደክሞ እግራቸው ማበጥ ከጀመረና ሐኪሙ «ጨው በጣት ጫፍ እንጂ በማንኪያ እንዳያስቡት» ካላቸው ወዲህ ሆዳቸው የሚቀበለው ሩዝ ብቻ ነበር። ያን ሩዝ የምታበስልላቸው ልጅ ደግሞ ከአንድ ክፉ ትኩሳት ስትነሳ ሽታም ጣዕምም ከእሷ ተለዩ። ሽንኩርት ስትከትፍ ዓይኗ ያለቅሳል፣ አፍንጫዋ ግን ወሬ የለውም። ጉዳዩን ከሰው ሁሉ ደበቀች። የዳኛው ልጅ ግን ደረሰበት። ነጭ ሽንኩርቱ አርሮ ቤቱ በሙሉ ሲታጠን እሷ በእርጋታ ስታማስል አገኛት። አልጮኸባትም። ድስቱን አወረደና «ከዛሬ ጀምሮ እኔ እቀምስልሻለሁ። ምላሴን ተዋሺው» አላት።

እዚያ ላይ ነበርን።

ምላሷ እንደሞተ ከታወቀ ከዚያ ቤት መውጣቷ ነው። ጣዕም የማያውቅ አብሳይ ማን ያስቀምጣል? ከዚያ ቤት ከወጣች ደግሞ እሱን የምታይበት ሌላ በር የላትም። እሱ የዳኛ ልጅ ነው፣ ካርታ ነዳፊ፣ ፎቅ ላይ ሰፊ ጠረጴዛና ቀኑን ሙሉ በመስኮት የሚገባ ብርሃን ያለው ሰው። እሷ የልብስ አጣቢ ልጅ ናት፣ በጓሮ በር ገብታ በጓሮ በር የምትወጣ። በሁለቱ መካከል የተዘረጋው ድልድይ አንድ የእንጨት ማንኪያ ብቻ ነበር።

ያ ማድቤት ዛሬ የለም። ቤቱ ተሽጦ ግድግዳው ፈርሷል ይላሉ። እሷ ግን እስከዛሬ ዓይኗን ስትጨፍን ታየዋለች፤ አንገቱ የተጣመመው ቧንቧ፣ ጥላሸት የቀባው ጣሪያ፣ ከምድጃው በላይ ያለችው ጠባብ መስኮት፣ በዚያችም በኩል የምትገባው የቀትር ፀሐይ።

ፈጣሪ አንዱን ሲዘጋ ሌላውን ይከፍታል። አፍንጫዋ ሲዘጋ ጆሮዋ ተከፈተ። ሽንኩርቱ ዘይት ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ይጮኻል፣ ውሃው እያለቀ ሲሄድ ያጉረመርማል፣ ሊያርር ሲል ዝም ይላል። ሩዙን ውሃው እስኪጠራ ታጥበዋለች፣ ታጠነፍፈዋለች፣ ከሽንኩርቱ ጋር ታምሰዋለች። ፍሬው ነጥቶ የድስቱን ግድግዳ እንደ ዶቃ ሲያንኳኳ ትሰማለች። ከዚያ ጨው ያልነካው የአጥንት መረቅ፣ የቀረፋ ስንጥር፣ አንድ ሁለት ቅርንፉድ፣ ሄል፣ የሎሚ ጭማቂ ታክልበታለች። ክዳኑን ትገጥምና ጆሮዋን አዘንብላ ትቆማለች። ፍልቅልቅታው ወደ ሹክሹክታ ሲወርድ እሳቱን ታጠፋለች።

ያን ጊዜ እሱ በጓሮ በር ይገባል። የቤቱ ልጅ ሆኖ በጓሮ በር!

«እሺ፣ ንገረኝ» ትለዋለች፣ ማንኪያውን ወደ አፉ እያስጠጋች። ሰው ፊት «እርስዎ» ትለው ነበር፤ እዚያ እንፋሎቱ ውስጥ ግን «አንተ» ነው።

«ትኩስ ነው።»

«ትኩስነቱንማ እኔም አውቃለሁ። ምላሴ ጣዕም አጣ እንጂ እሳት መለየት አላቃተውም።»

«ግሩም ነው።»

«ግሩም ማለት ምን ማለት ነው? ሄሉ ነው የሚቀድመው ሎሚው? ምላስህ ጫፍ ላይ ነው ወይስ ጉሮሮህ ዘንድ?»

«ሁሉም ቦታ።»

«ሁሉም ቦታ የሚገኘው ፈጣሪ ብቻ ነው» ትላለች እየሳቀች።

እሱም ይስቃል። ሲያኝክ ግን ዓይኑ ሩዙ ላይ አልነበረም። በወዝ የሚያበራ ግንባሯን፣ መልሱን ስትጠብቅ በትንሹ የሚከፈት ከንፈሯን ያያል። እሷም እያየ መሆኑን ታውቃለች፤ ድስቱን ለማስተካከል ብላ ዞር ትላለች፣ የሚስተካከል ነገር ግን የለም። እነዚያን ቀናት ስታስብ ትዝ የሚላት ንግግሩ አይደለም። ማንኪያው ከአፉ እስኪወጣ የሚያልፈው ዝምታ ነው። ያን ዝምታ የሚያህል ሙላት ከዚያ በፊት አልሰማችም ነበር።

ምሳውን ወደ መኝታ ቤት የምትወስደው እሷ አልነበረችም። አብሳይ ከኮሪደሩ እንዳታልፍ የዳኛው እህት ደንግገዋል። ቤቱ ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው እኚህ ሴት ትሪውን ማድቤት ደጃፍ ላይ ይቀበሉና ራሳቸው ያደርሳሉ። እሷ ከበሩ ሥር ሆና የዳኛውን ድምፅ ታዳምጣለች።

«ችሎቱ ተሰይሟል!» ይላሉ ዳኛው፣ ትራሳቸውን ተደግፈው። «ተከሳሽ ሩዝ ይቅረብ!»

«ብላ እንግዲህ፣ አታሹፍ» ይሏቸዋል እትዬ።

ሳህኑ ባዶ ሆኖ ይመለሳል። የመጀመሪያውን ሰሞን እንኳ ግማሹ ይመለስ ነበር፤ በኋላ ግን ፍሬ አይቀርበትም። ልጅቷ ያን ባዶ ሳህን ስታጥብ ታመሰግናለች፤ ለማን እንደሆነ ሳትናገር፣ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች። «ይኸው» ትላለች ለራሷ፣ «ሁለታችን አንድ ሙሉ ሰው ሆነን እያበሰልን ነው።»

የዳኛው እግር ግን ማበጡን አላቆመም።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሐኪሙ መጣ። የዳኛውን ቁርጭምጭሚት በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ሲለቅ ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ። ሐኪሙ ጉድጓዱን አየ፣ ዳኛውን አየ።

«ጨው ከሆነ ቦታ እየገባ ነው።»

«በዚህ ቤት ጨው ከገባ በኮንትሮባንድ ነው» አሉ ዳኛው፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ።

«ጋሼ፣ ቀልድ አይደለም። በዚህ አያያዝ ልብዎ ብዙ አይሄድም።»

ቀልዱ ከክፍሉ ወጣ። የዳኛው ልጅ መስኮቱ ሥር ቆሞ ነበር፣ ፊቱ አመድ መሰለ። እትዬ ወደ ኮሪደሩ ብቅ ብለው «አንቺ ልጅ! ድስቱን ይዘሽ ነይ እስቲ!» ብለው ተጣሩ። ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሪደሩን አለፈች፤ ድስቱን በጨርቅ ይዛ።

ሐኪሙ ማንኪያ ተቀብሎ ከድስቱ ቀመሰ።

«ጨው የለውም» አለ። እሷ ተነፈሰች። ሐኪሙ ግን ደግሞ አኘከ፣ ግንባሩን ቋጠረ። «እውነቱን ለመናገር ምንም የለውም። የታጠበ ወረቀት ይመስላል።»

ከዚያ ዞር ብሎ ከአልጋው አጠገብ ከተቀመጠው ሳህን ቀመሰ። ዳኛው ገና አልነኩትም ነበር። ሐኪሙ ፊቱን አጨማደደ።

«ይሄኛው ደግሞ ባሕር ነው።»

አንድ ድስት፣ ሁለት ጣዕም። ሳህኑን ያመጡት እትዬ ናቸው። ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ። የእትዬ እጅ ሳያውቁት ወደ ሹራባቸው ኪስ ሄደ፣ በወረቀት የተጠቀለለችውን ጨው ጨበጠ፣ ከዚያ እንባቸው ቀደማቸው።

«አዎ፣ እኔ ነኝ! ምን ላድርግ? ወንድሜ ሳህን እየገፋ ሲከሳ ቁጭ ብዬ ልይ? ሩዙ አይበላም! እንኳን በሽተኛ ጤነኛም አይውጠው። ይሄን ልጅ ስንቴ ነገርኩት፣ 'አንተ፣ ከማድቤት አትጠፋም፣ ጣዕም የለውም በላት' ብዬ። 'ኧረ ጥሩ ነው እትዬ' ይለኛል። ለነገሩ እሱ ከዚያ ሲወጣ የሚጠግበው ዓይኑ እንጂ መች ሆዱ ሆነና!»

ልጅቷ ክው አለች። የእትዬን ስድብ እንኳ አልሰማችውም። የሰማችው «ጥሩ ነው ይለኛል» የሚለውን ብቻ ነው። ግሩም፣ ግሩም፣ ግሩም። እነዚያ ሁሉ ቀትሮች፣ ያ ሁሉ ዝምታ። ቀና ብላ አየችው፤ እሱ ዓይኑን ሰበረ። ያ የተሰበረ ዓይን መልሱን ነገራት።

«ጋሼ» አለች ወደ ዳኛው ዞራ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው። ከታመምኩ ወዲህ ጣዕም አይገባኝም፣ ሽታም አይሸተኝም። ፈርቼ ደበቅሁ። ልጅዎ ይቀምሱልኝ ነበር፣ እኔም አመንኳቸው። ይቅር ይበሉኝ።»

ድስቱን አንስታ ወጣች። እንዲህ ያለ ረጅም ኮሪደር በሕይወቷ አቋርጣ አታውቅም።

ሽርጧን ፈትታ ስታጥፍ ደረሰባት። በጓሮ በር አልመጣም፤ በኮሪደሩ ነው የመጣው።

«ስሚኝ።»

«ይናገሩ። መስማት እንኳ አልተወሰደብኝም።»

«እባክሽ እርስዎ አትበይኝ።»

ሽርጡን ዘርግታ እንደገና አጠፈችው።

«ማንኪያውን ስታነሺ ፊትሽን አያለሁ» አለ። «እንደዚያ ስትጠብቂ 'አልሆነም' ብዬ ያን ፊት ማጥቆር አቃተኝ። የመጀመሪያውን ቀን ዋሸሁ። በማግስቱ እውነቱን ብናገር የትናንቱ ሊወጣ ነው። ደግሞ ዋሸሁ። ሳህኑ ባዶ ሲመለስ ሳይ ደግሞ፣ ሲሻላቸው ነው፣ ለምደውት ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። አንቺ እንዳታዝኚ ብዬ ነው።»

«ሐዘኔን ማን ሰጠህ?» ዞር አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «የእኔ ነው፣ እኔ እችለዋለሁ። አንተ ካርታ ነዳፊ ነህ። መንገደኛው ደስ ይበለው ብለህ ወንዝ በሌለበት ወንዝ ትነድፋለህ?»

«አልነድፍም።»

«ውሃ አለ ብሎ አምኖ የሄደ ሰው እኮ በጥም ነው የሚሞተው። እኔ አንተን ይዤ ነበር የምሄደው። ምላሴን ተዋሺው ስትለኝ ሙሉውን መስሎኝ ነበር። ለካ ያዋስከኝ ማሩን ብቻ ነው። ሬቱን ለማን አስቀመጥከው? ይኸው አባትህ ዋጡት።»

ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተና ሽንኩርት በሚከተፍባት በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ያ በወረቀት ላይ የፀጉር ያህል የማይሳሳት ሰው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እሷ ልትጠላው ፈለገች፤ አንጀቷ አልታዘዛትም። ከሁሉ በላይ የጎዳት ይኸው ነበር፣ እየተናደደችም አንጀቷን መብላቱ።

ከኮሪደሩ ወዲያ ድምፅ መጣ። «ችሎት ጥሎ የወጣው ማነው? እርቦኛል!»

እትዬ በሩ ላይ ብቅ አሉ፣ ዓይናቸው ቀልቶ። ከልጅቷም ከወንድማቸው ልጅም ዓይን ሸሹ።

«ወንድሜ 'ጉዳዩ እንደገና ይታይ' ብሏል» አሉ ወለሉን እያዩ። «አሁኑኑ አዲስ ድስት ይጣድ፣ ያለ ሸፍጥ። ከበላሁት ማንም እንዳይናገራት፣ ካልበላሁት በሰላም ትሂድ ነው ያለው። ዶክተሩም እበላ ይሆን ብሎ ቁጭ ብሏል።»

ልጅቷ ሽርጧን አየችው። ከዚያ በቀስታ ታጠቀችው። ወደ በርጩማው ሳታይ «ተነስ» አለችው። «ቅመስ። ማር እንዳታዋሰኝ።»

ሽንኩርቱ ጮኸ፣ አጉረመረመ፣ ዝም ሊል ሲል እጇ ወደ ሩዙ ፈጠነ።

«ቆይ» አለ እሱ። «ሁልጊዜ እዚህ ላይ ትቸኩያለሽ። ሩዙን ስቀምስ ሽንኩርቱ ጥሬ ጥሬ ይለኝ ነበር።»

«ዝም ሲል እፈራለሁ። ነጭ ሽንኩርቱ ካረረበት ቀን ጀምሮ...»

«ዝም ካለ በኋላ ትንሽ ቆዪ። እኔ አለሁ። ሲበቃው እነግርሻለሁ።»

ቆየች። ምንም የማይሰማበት፣ ምንም የማይሸትበት ጨለማ ውስጥ እጇ ማማሰያውን ጨብጦ ቆየች። ሽንኩርቱ እንደ ቡናማ ሐር እስኪሆን፣ «አሁን!» እስኪል ድረስ።

የሄሉን ጠርሙስ ከፍቶ አሸተተ። ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ ሄል ሞቷል። ትቢያ ነው።»

«እኔ በምን ልወቅ?»

«እኔ አውቅ ነበር» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

እትዬ በሩ ላይ እጃቸውን አጣምረው ቆመው ነበር። ምንም ሳይናገሩ ሄዱ፣ ምንም ሳይናገሩ ተመለሱ፣ ለሻያቸው የሚደብቁትን አረንጓዴ ሄል ጭብጥ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አፈሰሱ። ልጅቷ ወቀጠችው። ዝንጅብልም ፋቀችበት። ሩዙ በደንብ ታመሰ፣ መረቁ ገባ፣ ክዳኑ ተገጠመ።

«ሎሚውን መቼ ነበር የምትጨምሪው?»

«ከመረቁ ጋር።»

«እሳቱ ሲበላው ነበር እንግዲህ። ከምድጃው ሲወርድ ይሁን። ልጣጩንም ትንሽ ፋቂበት፣ ስስ አድርገሽ።»

«ሐኪሙ የፈቀዱት የጣት ጫፍ ጨውስ?»

እሱ አሰበ። «መረቅ ውስጥ ከገባ ይጠፋል። መጨረሻ ላይ፣ ከላይ ነስንሺው። ምላስ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ይሁን።»

ሩዙ ወረደ። ማንኪያውን አቀረበችለት። እሱ ማንኪያውን ተቀብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ከሁሉም ቀን ያን ቀን ብቻ ፊቷን አላየም። አኘከ።

«ገና ነው» አለ።

ልጅቷ አላዘነችም። እንዲያውም የሆነ ነገር ደረቷ ውስጥ ቦታውን ሲይዝ ተሰማት፣ ተናግቶ የኖረ አጥንት ወደ መገጣጠሚያው እንደሚመለስ። በዕድሜዋ ብዙ የምስጋና ቃል ሰምታለች፤ ዛሬም ድረስ ግን እንደዚያ «ገና ነው» የጣፈጣት የለም። ሎሚ ጨመረች። ደግሞ ቀመሰ። «ትንሽ ቀረው።» ደግሞ ጨመረች።

ሦስተኛውን ማንኪያ ዋጠ። «በቃ» አለ በመጨረሻ። «አሁን አባቴ ፊት እቆምበታለሁ።»

ዳኛው አልጋ ላይ አልበላም ብለው ነበር። ልጃቸውና ሐኪሙ ደግፈው መመገቢያ ክፍሉ ጠረጴዛ ዘንድ አስቀመጧቸው። ልጅቷ ሳህኑን አኑራ ወደ ኋላ ስትል «ወዴት?» አሉ ዳኛው።

«ማድቤት ልሁን ጋሼ።»

«ውሳኔ ሳይሰማ የሚወጣ ባለጉዳይ የለም። ተቀመጪ። ሳህን ይምጣላት።»

እትዬ አፋቸውን ከፈቱ። ወንድማቸውን አዩ፣ ዘጉት። ሳህን ያመጡትም እሳቸው ናቸው።

ዳኛው ጎረሱ። አኘኩ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ማንኪያቸውን አስቀመጡና ጣሪያውን አዩ። ልጅቷ ጉልበቷ ላይ ጣቶቿን ቆላልፋ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ጸለየች። በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠችው በዚያ ቤት የመጨረሻዋን ሰዓት ይሁን የመጀመሪያዋን፣ አንድዬ ብቻ ነው የሚያውቀው።

«ጨው ይናፍቀኛል» አሉ ዳኛው። «ፍርድ ቤት ውስጥ አይዋሽም። ይናፍቀኛል። ግን...» ማንኪያውን መልሰው አነሱት። «ግን ጨውን 'ለራስህ ስትል ጣፍጥ' ይሉት ነበር። ይሄ ሩዝ ለራሱ ሲል ጣፍጧል። እበላዋለሁ።»

ሐኪሙ ሳቀ። እትዬ አፍንጫቸውን በመሀረብ ጠረጉ፣ ከዚያ «ብዪ እንጂ አንቺም፣ ምን ትገተሪያለሽ?» ብለው ሳህኑን ወደ እሷ ገፉ። ቁጣ የለበሰ ይቅርታ ነበር፤ ልጅቷ አወቀችው።

ማንኪያዋን አነሳች። ጎረሰች። ሙቀት ነበር። ፍሬ ነበር። ሌላ ምንም። ሁሉም እያያት ነው። ወደ እሱ ዞረች፣ በሰው ፊት፣ በነጭ ጨርቅ በተሸፈነው ጠረጴዛ ላይ፣ በአባቱና በአክስቱ መካከል።

«ንገረኝ» አለችው።

የዳኛው ማንኪያ አየር ላይ ቀረ።

«መጀመሪያ ጨው ይመጣል፣ ሰላምታ ሰጥቶ ያልፋል» አለ ካርታ ነዳፊው በቀስታ። «ከዚያ ሽንኩርቱ። ጣፋጭ ነው፣ ጫፉ ላይ መረር ይላል። ዝንጅብሉ ያሞቀዋል። ሄሉ ከኋላ ነው፣ ሰው ገብቶ በሩን ቀስ አድርጎ እንደሚዘጋው። ሎሚው ዋጥሽው ስትዪ ነው የሚደርሰው።»

«መጥፎውስ?»

«ከሥሩ ትንሽ ረጥቧል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ...» ነዳፊው ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እጄ ይንቀጠቀጣል። እሱ ግን ከሩዙ አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ አባቴም እትዬም ይወቁት፣ ከሩዙ አይደለም።»

እትዬ ሳህናቸው ላይ አቀረቀሩ። ከመንገድ የሰዎች ወሬ ይሰማል፣ ከማድቤት የቧንቧው ጠብታ። ምላሷ እንደሆነ አንዲት ቃል አልነገራትም። እሷ ግን ዓይኗን ጨፈነች፣ በእርጋታ አኘከች፣ ሳትጠራጠርም ዋጠችው።